«ይሄን ለእናቴ እንዳትተረጉምላት» ሲባል ምን ይደረጋል?

መሃል_ቆሜ · ሰኞ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ክፍል አንባቢ ነኝ እንጂ ብዙም አልጽፍም። ዛሬ ግን ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ፤ ሐሙስ ቀጠሮ አለብኝ።

በግሌ የምሠራ አስተርጓሚ ነኝ። ከ[ቋንቋው በአወያይ ተሰርዟል] ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደዚያ። ባብዛኛው ሕክምና፣ አልፎ አልፎ ስብሰባ። ሰሞኑን መሃል ከተማ [ሰፈሩና የሕክምና ተቋሙ በአወያይ ተሰርዟል] አንድ ቤተሰብ ቀጠረኝ። ታካሚዋ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። አማርኛ አይሰሙም። ያመጣቸው ልጃቸው ነው፣ የሚከፍለኝም እሱ። ልጁ አማርኛ ይሞክራል፤ የሐኪም ንግግር ላይ ሲደርስ ግን ይጠፋበታል።

የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። ናሙና ተወሰደ፣ ለውጤት ተቀጠርን። ስንወጣ ልጁ ኮሪደሩ ላይ ሳብ አደረገኝና «ወንድሜ፣ ውጤቱ ክፉ ከሆነ ዶክተሩ የሚለውን ለእናቴ እንዳትተረጉምላት። ቁስለት ነው፣ በመድኃኒት ይድናል በላት። እውነተኛውን በኋላ ለኔ ትነግረኛለህ» አለኝ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። መልስ ሳልሰጠው ሊፍቱ መጣ፤ እናትየውም አጠገባችን ነበሩ።

ስልጠና ላይ «የተባለውን ሁሉ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ» ተብለናል። ስልጠናው ላይ ግን እንባ ያቀረረ፣ ያውም የሚከፍልህ ልጅ አልነበረም። ከተረጎምኩ ቤተሰቡን እበጠብጣለሁ። ካልተረጎምኩ ዶክተሩ አንድ ነገር ተናግሮ እሳቸው ሌላ ነገር ሰምተው ይወጣሉ። በዚህ ያለፈ ሰው አለ?

ሳይት_ላይ · ሰኞ ከምሽቱ 2፡31

የቀጠረህን ስማ። ልጁ እናቱን ካንተ በላይ ያውቃል። አንተ ነገ ሌላ ሥራ ላይ ነህ፣ እሱ ግን ማታ ማታ እሷ ስታለቅስ አብሯት የሚያድር ሰው ነው።

ካቢና_ውስጥ · ሰኞ ከምሽቱ 3፡02

ከምክሩ በፊት አንድ ነገር። ቋንቋውን ጽፈሃል፣ ሰፈሩን ጽፈሃል፣ የቀጠሮውን ቀን ጽፈሃል። አዲስ አበባ ትንሽ ናት፣ የዚያ ቋንቋ አስተርጓሚ ደግሞ የበለጠ ትንሽ ቁጥር ነው። ይሄን የሚያነብ የአጎት ልጅ ስለ ማን እንደምታወራ ለማወቅ ደቂቃ አይፈጅበትም። እኔ የስብሰባ አስተርጓሚ ነኝ። የኛ ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ አይክ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመ ነው። በሕጉ ቀድሞ የሚመጣው ምስጢር ነው፤ ለሕዝብ ክፍት ባልሆነ ስብሰባ የሰማኸውን ለማንም አታወራም። ሐኪም ቤት ውስጥ ደግሞ ምን ሊባል ነው። አወያይ፣ እባክህ አስተካክለው።

የልደታዋ · ሰኞ ከምሽቱ 3፡10

ትክክል ነው። በዚያ ላይ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻም አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ስለማውጣት ሲደነግግ ከጠበቃና ከሐኪም ጋር አስተርጓሚንም ይጠቅሳል። ብዙ ባልደረቦቼ ይሄን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። እኛን የሚያውቀን ሕግ ያለ አይመስላቸውም።

አወያይ · ሰኞ ከምሽቱ 3፡18

የመጀመሪያውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ። ሌሎቻችሁም ምሳሌ ስትሰጡ ሰው እንዳይለይ አድርጉ። እግረ መንገዴን፣ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17ን የሚያነሱ አስተያየቶችን እየሰረዝኩ ነው። ሁላችንም እናውቃለን። በጣም እናውቃለን።

መሃል_ቆሜ · ሰኞ ከምሽቱ 3፡25

አመሰግናለሁ፤ በደንብ ገብቶኛል። አሁን ወደ ጥያቄዬ መልሱኝ።

የልደታዋ · ሰኞ ከምሽቱ 3፡58

እሺ የኔ ወንድም። ልደታ ፍርድ ቤት ለረጅም ጊዜ አስተርጉሜያለሁ። ስለ ሕክምና ብዙ አላውቅም። ኮሪደር ላይ ስለመጎተት ግን አውቃለሁ።

እኛ ጋ የሚጎትትህ «የአገሬ ልጅ» ነው። አማርኛ የማይሰማ ተከሳሽ ወይም ምስክር፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ የዋለ፣ ድንገት የእናቱን ቋንቋ የምትናገር ሴት ያያል። «ልጄ፣ ተመስገን መጣሽልኝ» ይልሻል። እንዳንቺ የሚቀርበው ሰው በግቢው ውስጥ የለም። ጉዳዩን በሙሉ ሊነግርሽ ይጀምራል። የሠራውንም ያልሠራውንም። እኔ እዚያ ላይ «አባቴ፣ ይሄን ለጠበቃዎ ይንገሩ፣ እኔ የዳኛውም የእርስዎም አፍ ነኝ» ብዬ እነሳለሁ። ሌላ ወንበር ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ። የጨከንኩ ይመስላል። ይምሰል።

ችሎት ውስጥ ደግሞ ምስክሩ ጥያቄ ሲከብደው ወደኔ ዞሮ፣ በራሱ ቋንቋ ዝግ ብሎ፣ «ልጄ፣ ምን ብል ይሻለኛል?» ይላል። አልመልስለትም። አልቆጣውምም። ወደ ዳኛው ዞሬ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሩ "ምን ብል ይሻለኛል?" ይላሉ» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቀኝም።

ምን ለማለት ነው? ጥያቄው ሲመጣልኝ የምጠይቀው «ይሄ ነገር የማን ነው?» ብዬ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ ተከሳሽ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። መብቱ የሱ ነው። የኔ አይደለም፣ የዳኛውም አይደለም፣ «ባጭሩ ንገሪኝ» የሚለው ዐቃቤ ሕግም አይደለም። ስለዚህ እኔ ማሳጠር አልችልም። ያንተም ጉዳይ እንደዚያ ነው። ውጤቱ የልጁ አይደለም። ያንተም አይደለም። የእናትየው ነው። እንዴት እንደሚነገር የሚወስነው ደግሞ ሐኪሙ ነው። ስለዚህ የልጁን ጥያቄ በሆድህ ይዘህ አትግባ። ለሐኪሙ አስረክብ።

ልጁን ዛሬውኑ ደውልለት። «ክፍሉ ውስጥ የሚባለውን በሙሉ እተረጉማለሁ። ያልከኝን ግን አልናቅኩትም፣ ከመግባታችን በፊት ለዶክተሩ እነግርልሃለሁ፣ ከፈለግህ አብረን እንነግራቸዋለን» በለው። አለቀ።

ሳይት_ላይ · ሰኞ ከምሽቱ 4፡06

ልጁ «እንግዲያው ሌላ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ቢለውስ?

የልደታዋ · ሰኞ ከምሽቱ 4፡09

ይፈልጋ።

ተረኛ_ነኝ · ማክሰኞ ከሌሊቱ 8፡40

ሪዚደንት ነኝ፤ ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም። ካንሰር ክፍል ዞሬያለሁ። አሁን ተረኛ ስለሆንኩ ከተቆራረጠ ይቅርታ።

ቤተሰብ «አትንገሯት» የሚለን በየቀኑ ነው፤ በአማርኛም ጭምር፣ አስተርጓሚ ሳይኖር። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ስለነበር ከየክልሉ የሚመጣው ታካሚ ማረፊያው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ በሁሉም ቋንቋ «አትንገሯት» ይባላል። ይሄ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አካሄድም አለው። ስፓይክስ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ ክፉ ዜና የሚነገርበት ባለ 6 ደረጃ ሥርዓት እንማራለን። 3ኛው ደረጃ ታካሚውን መጠየቅ ነው። «እናቴ፣ ስለ ውጤቱ ሁሉንም በዝርዝር ልንገርዎት? ወይስ ከቤተሰብ መርጠው ለሱ ልንገረው?» እንላለን። አንዳንዷ እናት «ለልጄ ንገሪው፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ትላለች። እንግዲያው ለልጇ እነግራለሁ። ያለማወቅም መብት ነው። ግን ራሷ ስትመርጥ ነው እንጂ ሊፍት በር ላይ ሲመረጥላት አይደለም።

ሐኪምን የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተናግሬ አስተርጓሚው አራት ቃል ይላል። ታካሚዋ ፈገግ ትላለች። እኔ የተናገርኩት ፈገግ አያሰኝም! የሆነ ነገር እንደተቆረጠ አውቃለሁ፣ ግን ምን እንደተቆረጠ አላውቅም። ቀጥሎ ኦፐሬሽን ወይም ኬሞ፣ የካንሰር መድኃኒቱ፣ አለ። ፊርማ ያስፈልገኛል። ቁስለት አለብኝ ብላ የምታምን ሴት ለኬሞ ፈረመች ማለት ምን ማለት ነው? ደግሞም አይደበቅም። ፀጉሯ መርገፍ ሲጀምር ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ የተኛችው ሴት ትነግራታለች። እኔ በስንት ጥንቃቄ ልናገረው የነበረውን እሷ ሻይ እየጠጣች ትነግራታለች።

«ቤተሰብ ያስተርጉም» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ውስጥ የ13 ሕፃናትን ምርመራ በድምፅ ቀድተው ያጠኑ ሐኪሞች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። 396 የትርጉም ስህተት አገኙ። በአንድ ምርመራ በአማካይ ከ30 በላይ ማለት ነው። የሠለጠኑትም ይሳሳታሉ። ሕክምናውን ሊያዛባ የሚችል ስህተት የበዛው ግን በአጋጣሚ አስተርጉሙ በተባሉት ሰዎች ላይ ነበር።

ቤል ተደወለ፣ መጣሁ።

የታላቁ_ልጅ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

እናቴን ከገጠር አምጥቼ አሳክሜያለሁ። «አትንገሯት» ብዬ የለመንኩ ሰው ነኝ። ሁላችሁም ስለኛ እንደ ወንጀለኛ ነው የምታወሩት፤ ትንሽ ስሙኝማ።

እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ገና ሳይነጋ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ተዘጋጅቶ። የሚናገረው ሰው እንኳ ይመረጣል። ሰው ሞቶ እንኳ ቀን የሚጠበቅበት ጊዜ አለ። ሐኪም ቤት ስትገባ ግን ወረፋ ቁጥር ይጠራል፣ በር ይከፈታል፣ ዓይኑ ኮምፒውተር ላይ የሆነ ሰው በሁለት ደቂቃ ይነግርሃል፣ ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ ቆሟል። እናቴ ያንን እዚያች ወንበር ላይ ብቻዋን እንድትሰማ አልፈለግኩም። ውሸት ንገሩልኝ አላልኩም። ሰዓቱን እኛ እንምረጥ ነው ያልኩት። ስነግራት ግን ቤት ውስጥ፣ ቄሱም እህቷም ባሉበት ነገርኳት።

ተረኛ_ነኝ · ማክሰኞ ጠዋት 3፡05

ከተረኝነት ወጣሁ። የታላቁ_ልጅ፣ የጻፍከው ገብቶኛል። ስለ ሁለቱ ደቂቃ የምከራከርበት አፍ የለኝም።

ግን ያልከውን ነገር ለሐኪሙ ብትነግረው ኖሮ? «ዛሬ አይሁን፣ አርብ እህቷ ትመጣለች፣ ያኔ እንምጣ» ብትለኝ አርብ እቀጥርሃለሁ። ቄስ ይዛችሁ ኑ፣ ሼኽ ይዛችሁ ኑ፣ ወንበር እጨምራለሁ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ኮሪደር ላይ ለአስተርጓሚው ይነገራል፣ ለኛ አይደርስም።

እጅና_ዓይን · ማክሰኞ ከቀኑ 6፡20

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነኝ። እናትና አባቴ መስማት የተሳናቸው ናቸው። ገና ልጅ ሆኜ ባንክ ቤት፣ ቀበሌ፣ ሐኪም ቤት ለነሱ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። የእናቴን የማህፀን ምርመራ ውጤት የተረጎምኩት በልጅነቴ ነው። ያኔ ማንም «ይቺ ልጅ ይሄን መስማት አለባት ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ስለዚህ ቤተሰብ ያስተርጉም ሲባል ሆዴ ይቆረጣል።

የኛ ሥራ የሚለየው አንድ ነገር አለ። መስማት የተሳነው ሰው ባለበት ክፍል ሌሎቹ እንደፈለጉ ያወራሉ። ዘመድ ከሐኪሙ ጋር ስለሱ ያወራል፣ ነርሶቹ ስለ ምሳ ያወራሉ። እኔ ሁሉንም በእጄ እናገራለሁ። ስለ ምሳውም። ምክንያቱም መስማት የሚችል ሰው ቢሆን ይሰማው ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት አክስት «ይሄን ለሱ አትንገሪው» አለችኝ። «አትንገሪው» ማለቷንም ነገርኩት። ተቆጣች። ሳቀ፣ ከዚያ አክስቱን አቀፋት። ሁሌ በማቀፍ ያልቃል አልልም። አንዳንዴ እኔ ሁለተኛ አልጠራም።

ከየልደታዋ የምለይበት ቦታም አለኝ። ሐኪም ሲናገር ታካሚው ራሱን ከላይ ወደ ታች ይነቀንቃል። ሐኪሙ ገባው ብሎ ያልፋል። እኔ ግን አየዋለሁ፤ አልገባውም፣ በይሉኝታ ነው። ያኔ ቆም አደርግና «አስተርጓሚዋ መናገር ትፈልጋለች፤ ታካሚው ስለ መድኃኒቱ አወሳሰድ በራሱ አባባል እንዲደግመው ቢጠይቁት ጥሩ ይመስላታል» እላለሁ። ለታካሚውም ያልኩትን በእጄ እነግረዋለሁ። የአሜሪካ የጤና አስተርጓሚዎች ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሥነ ምግባር የታካሚው ጤና ወይም ክብር አደጋ ላይ ሲወድቅ አስተርጓሚው ጣልቃ መግባት ይችላል። ሌላው መንገድ ሁሉ ሲያልቅ፣ እንደ መጨረሻ አማራጭ።

የልደታዋ · ማክሰኞ ከቀኑ 7፡00

ሐኪም ቤት ይሁንላችሁ። ችሎት ውስጥ ግን «ምስክሩ ያልገባው ይመስለኛል» ካልኩ ጠበቃው «አስተርጓሚዋ ምስክሩን እየመራች ነው» ይላል፤ ትክክልም ነው። እኔ የምችለው «ጥያቄው ሁለት ትርጉም አለው፣ ይብራራልኝ» ማለት ብቻ ነው፤ ለራሴ ለመተርጎም ስፈልግ። የወንጀል ሕጉ ሐሰተኛ ትርጉምን ከሐሰተኛ ምስክርነት ጋር አንድ ላይ ነው የሚቀጣው። በማዘን የጨመርኩትና በተንኮል የጨመርኩት መዝገብ ላይ አንድ ይመስላሉ።

ሳይት_ላይ · ማክሰኞ ከቀኑ 9፡44

ሁላችሁም ንጹህ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ነው የምታወሩት። እኔ ቻይንኛ ነው። ግንባታ ላይ ነኝ። ደመወዜን የሚከፍለኝ አንዱ ወገን ነው፣ በወር። መሐላ የለኝም፣ በመስታወት የተከለለ የአስተርጓሚ ካቢና የለኝም፣ «ክቡር ፍርድ ቤት» የምለው ሰው የለኝም።

ጠዋት ፎርማኑ ይመጣል፣ ሠራተኛው አርፍዷል። ፎርማኑ የሚለውን እንዳለ ብተረጉመው እስከ ምሳ ድረስ ዱላ ይነሳል። ስለዚህ «ተናዷል፣ ሰዓት አክብሩ ብሏል» እላለሁ። ሰላም ይውላል። ሠራተኛውም የሚመልሰውን እንዳለ አልወስድለትም፤ አባቱንም እናቱንም ነው የሚነካካለት። ይሄ ሥነ ምግባር የጎደለው ነው ካላችሁኝ፣ እሺ። ግን እስካሁን ማንም አልተፈነከተም።

ካቢና_ውስጥ · ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡15

ሳይት_ላይ፣ ያልከው ቀላል ጉዳይ አይደለም። እኔ በእርግጥ መስታወት ከልሎኝ ነው የምሠራው። አፍሪካ ኅብረት ወይም አፍሪካ አዳራሽ ካቢና ውስጥ ሆኜ ልጅየው እጄን አይጎትተኝም። ሁለት ሆነን በየግማሽ ሰዓቱ እንቀያየራለን። ሲደክመኝ ባልደረባዬ አለ። አንድ ልዑክ ሌላውን ሲሰድብ እንዳለ እናወጣዋለን፣ በመጀመሪያ መደብ፣ «እኔ» እያልን። የሚደባደብ ካለ አዳራሹ ውስጥ ነው፣ እኛ ፎቅ ላይ ነን።

ግን ካቢና የሌለበት ሥራም እሠራለሁ። ሆቴል ሎቢ፣ ሁለት ነጋዴ፣ አንድ ክብ ጠረጴዛ። የኛው ሰው ለሸሪኩ በአማርኛ «ዋጋውን ጫን በልበት፣ ቸኩሏል» ይልና ወደኔ ዞሮ «ይሄን አትንገረው» ይላል። ገዢው ደግሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ ወሬ እንዳለ ገብቶታል። እዚያ ሰዓት ላይ የምትወስነው ማንኛውም ነገር መጥፎ ነው። ብትነግረው ቀጣሪህን ከዳህ፣ ባትነግረው ገዢው ከዚያ በኋላ አያምንህም።

ስለዚህ አሁን ቡናው ሳይመጣ ነው የምናገረው፤ በሁለቱም ቋንቋ፣ ሁለቱም እየሰሙ። «በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚነገረውን በሙሉ እተረጉማለሁ። የግል ምክክር ካላችሁ ተነሥታችሁ ማውራት ትችላላችሁ፣ እኔ አልከተላችሁም።» ማንም ተቆጥቶ አያውቅም። እንዲያውም ነጋዴዎቹ ደስ ይላቸዋል፤ ተነሥቶ መሄድ ራሱ የድርድር ስልት ነው።

አንተም ጋ ስድቡን ማለስለስህን አልፈርድብህም። ግን ሠራተኛው መሰደቡን ካላወቀ አቤት ማለትም አይችልም። አቤቱታውን የሰረዝክበት አንተ ነህ።

ሳይት_ላይ · ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡50

አቤት የሚለው ለማን ነው? በኔ በኩል ለዚያው ፎርማን 😂

ቀልዱን ትቼ ግን፣ አንድ ነገር አለ። ስድቡን አለሳልሳለሁ፣ ደኅንነት ላይ ግን አልነካካም። አንድ ቀን አንድ ልጅ እስካፎልዲንጉ ይነቃነቃል ብሎ አልወጣም አለ። አለቃው «ሰነፍ ነው፣ እሱ የሚለውን ሁሉ አትተርጉምልኝ፣ ጊዜ የለኝም» አለኝ። «እሺ፣ ግን ይነቃነቃል ብሎ ነገረኝ፤ እኔም ነገርኩህ፤ ሰው ከወደቀ ሁለታችንም ሰምተናል» አልኩት፣ ኢንጂነሩ እየሰማ። ወጥተው አዩት። ከሥራ አላባረረኝም። የሆነ ሳምንት ፊት ነሳኝ፣ ከዚያ ረሳው።

እጅና_ዓይን · ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡02

እንግዲህ የሠራኸው የየልደታዋን ነው እኮ። ጉዳዩን ለባለቤቱ አስረከብክ።

ሳይት_ላይ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡04

እኔ ሳላውቀው ሥነ ምግባር አለኝ ማለት ነው። ለሚስቴ አሳያታለሁ።

ዝም_ያልኩ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡30

ማንም ያላነሳው ጥያቄ አለኝ። ሐኪሙ ራሱ ከልጁ ጋር ቢስማማስ? «እሺ፣ ቁስለት ነው በላት» ብሎ ራሱ ለአስተርጓሚው ቢያዝስ? እንዲህ የሚያደርጉ ሐኪሞች አሉ፣ ዶክተር ተረኛም ታውቃለች።

ተረኛ_ነኝ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡41

አሉ። ከኔ የሚበልጡም አሉ።

የልደታዋ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡55

ሐኪሙ «ቁስለት» ካለ «ቁስለት» እላለሁ። የተባለውን ነው የምተረጉመው። ውሸቱ የሱ ነው፣ በፊርማው ይጠየቅበት። ሐኪሙ ዝም ብሎ «አንቺ የሆነ ነገር በያት» ካለኝ ግን እምቢ እላለሁ፤ እኔ ፈጥሬ የምናገረው ነገር የለም። «ዶክተር፣ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እተረጉማለሁ» ነው መልሴ።

እጅና_ዓይን · ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡10

እኔ አልችልም። እውነቱን በጆሮዬ ሰምቼ ውሸቱን በእጄ፣ ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን እያየሁ? በኛ ቋንቋ ፊትሽም ይናገራል። ሥራውን አቋርጬ እወጣለሁ፤ ሌላ አስተርጓሚ ይፈልጉ።

የልደታዋ · ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡16

ከወጣሽ በኋላ የሚመጣው ዘመድ ነው። ያ ይሻላታል?

እጅና_ዓይን · ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡21

አይሻላትም። ግን እኔ አልሆንም። በዚህ ላይ አንስማማም፣ እታለም።

ካቢና_ውስጥ · ረቡዕ ጠዋት 2፡40

በዚህ ላይ እኔም መልስ የለኝም። መሃል_ቆሜ ግን ለአንድ ነገር ይዘጋጅ። እናትየው ራሳቸው ወደ አንተ ዞረው፣ ሐኪሙ ስልክ ሲያነሳ፣ «ልጄ፣ አንተ የኛ ሰው ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ምን አገኙብኝ?» ሊሉህ ይችላሉ። ያኔ ትልቁ ፈተና እሱ ነው። መልሱ ያው ነው። «ዶክተር፣ ታካሚዋ "እውነቱን ንገረኝ፣ ምን አገኙብኝ?" ብለው ጠይቀዋል።» ለሳቸውም «ጥያቄዎን ለዶክተሩ ነግሬያለሁ» ትላቸዋለህ። ደግሞ ወደ ሐኪሙ ክፍል እስክትገቡ ድረስ እዚያ ኮሪደር ላይ ከሳቸው ጋር ብቻህን አትቀመጥ። ውሃ ግዛ፣ ስልክ አውራ።

መሃል_ቆሜ · ረቡዕ ከምሽቱ 12፡50

ልጁ ጋ ደወልኩ። የልደታዋ እንዳለችው ነገርኩት። መጀመሪያ ዝም አለ። «ስልኩ ተቋረጠ?» አልኩ። ከዚያ የታላቁ_ልጅ የጻፈውን ዓይነት ነገር ተናገረ፤ ቤት ውስጥ ዘመድ ባለበት ቢነገራት ብሎ። «ይሄን ራስህ ለዶክተሩ ንገረው፣ ቃል የሚያጥርህ ቦታ እኔ አለሁ» አልኩት። ነገ ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ሊመጣ ነው። ክፍያውንም አነሳሁ፤ «ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ምንም ብተረጉም፣ የተስማማነው ያው ነው» ብዬ። ይሄ ያላነሳችሁት ነገር ነው፣ ግን ካላነሳሁት ሐሙስ ከሰዓት በየዓረፍተ ነገሩ መሃል ገንዘቡ ትዝ ይለኝ ነበር።

የልደታዋ · ረቡዕ ከምሽቱ 1፡05

ጎበዝ። በርታ።

ተረኛ_ነኝ · ረቡዕ ከምሽቱ 1፡30

ሌላም አለ። አቀማመጥህን አስተካክል። ሐኪሙ እሳቸውን እንዲያይ፣ አንተን እንዳያይ፣ ትንሽ ከጎናቸው ወደ ኋላ ብለህ ተቀመጥ። ካልሆነ ሐኪሙ «እንዲህ በላት» ማለት ይጀምራል። እኔም እጀምራለሁ።

መሃል_ቆሜ · ዓርብ ጠዋት 4፡10

ሰላም። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ጠየቀኝ።

ልጁ ከዶክተሩ ጋር ተነጋገረ። ዶክተሩ ገብተን እንደተቀመጥን እናትየውን በቀጥታ ጠየቋቸው፤ እዚህ ዶክተር ተረኛ የጻፈችውን ዓይነት ጥያቄ። እሳቸውም መለሱ። ምን እንዳሉ፣ ውጤቱም ምን እንደሆነ አልጽፍም። ካቢና_ውስጥ ይገባሃል። ሁሉንም ተረጎምኩ፣ ልጁም አጠገባቸው ነበር።

ልጁ ከፈለኝ። ደረሰኝ ጠየቀኝ፤ መሥሪያ ቤቱ ይተካለታል መሰለኝ።

ዝም_ያልኩ · ዓርብ ጠዋት 4፡25

በግላችሁ የምትሠሩ ሰዎች ደረሰኝ ከየት ነው የምታመጡት? የንግድ ፈቃድ በአስተርጓሚነት አወጣችሁ? እኔ ደንበኛ ሁሉ እየጠየቀኝ ተቸግሬያለሁ።

ሳይት_ላይ · ዓርብ ጠዋት 4፡27

ይሄ ነው እውነተኛው አጣብቂኝ 😂

አወያይ · ዓርብ ጠዋት 4፡40

ለግብርና ለደረሰኝ ጉዳይ አዲስ ክር ክፈቱ። ሰው ብዙ የሚለው ነገር አለው፣ እኔም አለኝ። ይሄኛው ክፍት ይቆያል፤ ምሳሌ የምትጽፉ ግን ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ አንብባችሁ ስምና ሰፈር አጥፉ።